በዘመሮ የተበጠረችው ጭላዳ

መንዝን ከማየቴ በፊት ስለ መንዝ የሰማሁት ወሬ ሁሉ የወንድ ወሬ ነበር። የሸዋ ነገሥታት ዘር የሚመዘዝበት የነጋሲ አገር ነው፤ ጦረኛ የሚበቅልበት ነው፤ ለአንድ ስንዝር ርስት ዕድሜ ልክ የሚሟገቱበት ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪንም እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ስለ መንዝ ገበሬ በሰፊው ጽፏል። ታዲያ አንድም ሰው «መንዝ ስትሄጂ የአሻንጉሊት ፀጉር እንዴት እንደሚፈታ ታያለሽ» ያለኝ የለም። ቢለኝስ አምነው ነበር?

የሥራ ባልደረባዬ ለዕረፍት ወደ እናቷ ቤት ዘመሮ ስትሄድ ተለጠፍኩባት። ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ጋ ከመድረሳችን በፊት የደሴን መንገድ ትተን ወደ ግራ ታጠፍን። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ዝቅ አለ፣ ዛፉ ሳሳ፣ ነፋሱ የአገሩ ባለቤት ሆነ። እኔ ብርድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ የአዲስ አበባን ሐምሌ የቻለ ሰው ምን ይበግረዋል? እዚህ ግን ፀሐይዋ ግንባሬን እየጠበሰችው ጀርባዬ ይንዘፈዘፋል! ባልደረባዬ እየሳቀች ከሻንጣዋ ባና አውጥታ ደረበችልኝ። ከበደኝ። አንገቴን ኮሰኮሰኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሙቀቱ ከውስጥ ሲነሳ፣ ይህን ልብስ የፈጠረውን ሰው መረቅሁት።

ጓሳን ሳታይ አታልፊም ብላ አስቆመችኝ። ሕዝቡ ራሱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ሜዳ ነው፤ የጣሪያ ክዳን የሚሆነው ሣር የሚታጨድበት፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድንበት። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ጭላዳዎቹ ላይ ነው። ወንዱ ትከሻው ላይ የተደፋውን ጋማ ነፋሱ ሲበትንለት፣ ሴቶቹ ከኋላው ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን ፀጉር ጣት በጣት እየለየች ስትፈትሽ! አይቸኩሉም። ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሌላ ሥራ እንደሌለባቸው፣ ፀጉር ይፈታሉ። ባልደረባዬ መኪናው ውስጥ ሆና እስክትጮህብኝ ድረስ አልተነሳሁም።

ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወደ ከተማዋ ስንገባ ዓይኔን የሳበው ሱፍ ነው፤ አሁንም ሱፍ። እኛ ዘንድ ጋቢው ነጭ ነው፤ ጥጥ ነው፤ ጥለቱ ላይ ነው ቀለም የምናየው። እዚህ ልብሱ ጥቁር ነው፣ ቡናማ ነው፣ አመድማ ነው፤ በጉ ራሱ ለብሶት የነበረው ቀለም ሳይነከር ሰው ላይ ይዞራል። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ላቱ የሰባ፣ ፀጉሩ ረጅምና ሻካራ። ብርዱን ለመቻል የተፈጠረ ነው። ወንዱ ይሸልታል፣ ሴቷ ታባዝታለች፣ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ይሠራል። ደጃፍ ላይ እንዝርት የምታሾር ሴት ባየሁ ቁጥር እየቆምኩ ባልደረባዬን አስቸገርኳት። እነሱም ምን የሚታይ ነገር አለ ብለው ይገረሙብኛል።

በባልደረባዬ እናት ቤት ነው ጭላዳን የተዋወቅኳት። ጓሳ ያየሁትን አይደለም፤ ሌላዋን።

የባልደረባዬ የእህት ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንቀልባ አዝላ መጣች። አንቀልባው እውነተኛ ነው፤ ከበግ ቆዳ የተሰፋ፣ እሷም ታዝላበት ያደገች ይመስለኛል። ከውስጡ ግን የፕላስቲክ እግር ወጥቷል። ቤይሩት የምትሠራው እናቷ የላከችላት አሻንጉሊት ናት፤ ሰማያዊ ዓይን ያላት፣ አንዱ ሽፋሽፍቷ አልዘጋ ያለ። ፀጉሯ አንድ ጊዜ ወርቃማ ነበር። በግንባሯ በኩል አሁንም ትንሽ ያበራል። በማጅራቷ በኩል ግን ምን ልበላችሁ? ጨብራራ ማለት አይገልጸውም። ከአንቀልባው ጋር ሲታሽ የኖረው ፀጉር ተቋጥሮ፣ ተደምድሞ፣ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ሆኗል። የሠፈሩ ወንዶች ልጆች ስም አውጥተውላታል፤ ጭላዳ።

«እና አልተናደድሽባቸውም?» አልኳት።

«ጭላዳ ቆንጆ አይደለች እንዴ?» አለችኝ። ከሰዓታት በፊት ጓሳ ላይ አፌን ከፍቼ የቀረሁት እኔ ምን ልመልስ!

አሻንጉሊቷን ተቀብዬ ፀጉሯን ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ገለባ አለበት። የደረቀ ጭቃ አለበት። አንድ የገብስ ቆሎ ፍሬ አለበት። ከሁሉም በላይ ቅቤ አለበት፤ ልጅቷ የራሷን ፀጉር ሲቀቧት እያየች አሻንጉሊቷንም ደጋግማ ቀብታታለች፣ በቅቤው ላይ ደግሞ የኩበት ጭስ አርፎበታል። ሽታው የእውነተኛ ልጅ ራስ ሽታ ነው። እኔ ባደግሁበት ሠፈር አሻንጉሊት እዚህ ደረጃ ሲደርስ ታሪኩ ያልቃል። ወይ ፀጉሩ ይቆረጣል፣ ወይ ቆሻሻ መጣያ ይገባል፣ ከመርካቶ ሌላ ይመጣል። እዚህ ቤት ግን መጣል የሚባል ሐሳብ ለማንም አልመጣለትም።

አያትየው እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። እንዝርታቸውን አስቀመጡና «እስቲ አምጫት» አሉ። አሻንጉሊቷን፣ ልክ ሹሩባ ሊሠሯት እንደመጣች ልጅ፣ በጉልበታቸው መካከል ጀርባዋን ሰጥተው አስቀመጧት። ከዚያ ያደረጉትን ነገር እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ እነግራለሁ። አንዲት ዘለላ መዘዙ፤ በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ጎተት አደረጉት፤ ጫፉን ወደ ፍም አስጠጉት። ፀጉሩ ሽቅብ ሸሸ፣ ተሸበሸበ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ሠርቶ ቀረ። ወዲያው ከሚፈትሉት ሱፍ ሌላ ዘለላ መዘው አቃጠሉ። ይሄኛው ተንጣጣና አመድ ሆነ፤ የተቃጠለ ቀንድ ሸተተን።

«ይቺስ ጠጉር የላትም፤ ላስቲክ ነው ያላት» ብለው ፈረዱ።

ቤተ ሙከራ ገብታ የማታውቅ ሴት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠሩትን ሙከራ በፍም ሠርታ ጨረሰች! የእንስሳ ፀጉር ፕሮቲን ነው፤ ይነድና ይከስላል። ሰው ሠራሹ ደግሞ ቀልጦ ይቋጠራል። ባርቢ እ.ኤ.አ. በ1959 ኒው ዮርክ ላይ ለገበያ ከቀረበች ወዲህ በየዓለሙ የተበተኑት የፕላስቲክ እመቤቶች ፀጉራቸው ናይለን ነው፣ ወይም ሳራን ነው፣ ርካሾቹ ላይ ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን ነው። እንደኛ ፀጉር ከሥሩ ወዝ አያገኝም፤ አያድግም። አንዴ የተጎሳቆለ እንደተጎሳቆለ ይቀራል። አያትየው የእነዚህን ስሞች አንዱንም ሰምተው አያውቁም፤ ግን በእጃቸው ምን እንደሚያደርጉት ወዲያው ገባቸው።

መጀመሪያ ቅቤው ይውጣ ተባለ። እኔ ሻምፖዬን ላመጣ ስነሳ ሙቀጫው ቀድሞኝ መጣ፤ የደረቀ እንዶድ። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ዓለም ያወቀው ያ እንዶድ! ትምህርት ቤት ስለ ቢልሃርዝያ ስንማር ስሙን ሸምድደነዋል፤ አረፋውን በእጄ የነካሁት ግን ገና ዘመሮ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲመቱት ነጭ አረፋ ገንፍሎ ወጣ። ያ ቀን ላይ ቀን ተደራርቦ የተጋገረ ቅቤና ጥላሸት ቡናማ ሆኖ ወረደ። ውሃው ተደፋ፤ ተለወጠ፤ እንደገና ተደፋ። ልጅቷ «ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ!» እያለች የአሻንጉሊቷን ዓይን በመዳፏ ሸፍናለች።

ከዚያ መፍታቱ ተጀመረ። እዚህ ላይ ነው አፌ የተያዘው።

እኔ ብሆን ማበጠሪያ ከአናቷ ላይ ሰክቼ ወደታች እጎትት ነበር። አያትየው ከጫፍ ጀመሩ። በግራ እጃቸው ፀጉሩን መሐሉ ላይ ጠበቅ አድርገው ያዙት፤ ጉተታው ወደ ሥሩ እንዳይሄድ ነው፤ የአሻንጉሊት ፀጉር ከተነቀለ ተነቀለ ነውና። በቀኝ እጃቸው በሚዶው ጥርስ የጫፉን አንዲት ጣት ያህል ብቻ ነካ ነካ። ስትፈታ ትንሽ ከፍ። ስትፈታ ደግሞ ትንሽ ከፍ። የተደመደመው ቋጠሮ ጋ ሲደርሱ ሚዶውን አስቀመጡና ወስፌ አነሱ፤ ስፌት የሚሰፉበትን። በሹሉ ጫፍ ከቋጠሮው ጠርዝ ሁለት ሦስት ዘለላ እየመዘዙ ያወጣሉ። መሐሉን አይነኩም። ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ያራግፉታል። ከበግ ሱፍ ውስጥ ችፍርግና አረም ሲለቅሙ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ ዓይናቸው እኛ ላይ ሆኖ፣ አፋቸው ስለ ጎረቤት ሠርግ እያወራ፣ ጣታቸው ለብቻው ያያል።

ትዕግሥቴ አለቀና «እማማ፣ ይቺን ብቻ በመቀስ ብንላት?» አልኩ።

«ተይ ልጄ፣ መቀስ የሰነፍ ነው!» እጄን ቸብ አደረጉኝ።

ቋጠሮው ተፈታ። ሙሉ በሙሉ! ከቡና በፊት የጀመረው ሥራ ሦስተኛው ጀበና ሲወጣ አለቀ፤ ልጅቷም እልል አለች። ግን ገና ነበር። ፀጉሩ ተፈታ እንጂ አልተኛም፤ እያንዳንዷ ዘለላ ጠምዘዝ ብላ ወደ ፈለገችበት ቆማለች። አሻንጉሊቷ የተፈታች፣ ንጹሕ፣ አሁንም ጭላዳ ሆነች። አያትየው ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲህ የኔ እዚህ ድረስ ነው» የሚል አስተያየት ነው።

ያኔ ተራው የኔ ሆነ። አዲስ አበባ ፀጉር ቤት ውስጥ ሰው ሠራሽ ፀጉር ጨምረው ሹሩባ ሲሠሩ መጨረሻ ላይ ጫፉን የፈላ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። እንዳይፈታ፣ እንዳይቆም ነው። «ውሃ እናፍላ» አልኩ። አያትየው ባናቸውን ጠበቅ አደረጉት፤ የሰደብኳቸው ያህል።

«ጠጉር በፈላ ውሃ? አብደሻል እንዴ!»

እውነታቸውን ነው። የበግ ፀጉር ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። በሙቅ ውሃ ሲታሽ ቅርፊቱ እርስ በርስ ይነካከሳል፣ ይጠብቃል፣ ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈታው የለም። ናይለን ግን ቅርፊት የለውም። ሲሞቅ ይላላል፣ የተጣመመውን ይረሳል፤ በተያዘበት ቅርጽ ሲቀዘቅዝ ያንኑ ይዞ ይቀራል። እሳቸውን የሚያስደነግጣቸው ነገር ለአሻንጉሊቷ መድኃኒቷ ነው። ይህን በቃል ባስረዳም አላመኑኝም፤ ማመንስ ለምን? ሚዶው ላይ የቀሩትን ዘለላዎች ሰብስቤ ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ጣልኩና በጣቴ ገፋ አደረግኋቸው። ቀስ ብለው ሰጠሙ። ደስ አለኝ፤ ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ የቀለለ ስለሆነ ተመልሶ ይንሳፈፋል፣ እሱ ደግሞ አመለኛ ነው፣ በቀላሉ እሺ አይልም። የእኛዋ የተሻለች ዘር ናት ማለት ነው። ያቺኑ እርጥብ ዘለላ ዘርግቼ ይዤ ሙቅ ውሃ አፈሰስኩባት። ቀጥ አለች። አያትየው ከእጄ ነጥቀው አዩዋት፣ ጎተቷት፣ «እስቲ» አሉ። «እስቲ» ከሳቸው አፍ ሙሉ ፈቃድ ነው።

ደግነቱ የመንዝ ከፍታ ራሱ አገዘን። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 3000 ሜትር ግድም ላይ ግን 90 ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ባቄላ ለሚቀቅል ሰው መርገም ነው፤ ለአሻንጉሊት ፀጉር በረከት። ለማንኛውም ማንቆርቆሪያውን ከእሳት አውርደን ትንሽ አቆየነው። ፊቷን በጨርቅ ጠቅልለን አንገቷን አዘነበልናት፤ የዓይንና የከንፈር ቀለም ሙቅ ውሃ አይወድም። ባልደረባዬ ታፈሳለች፣ አያትየው ይይዛሉ፣ እኔ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከላይ ወደታች አወርዳለሁ። አንድ ጊዜ። ፀጉሩ ተኛ። ደግሞ አንድ ጊዜ። ጫፉ ተኛ! ያ ሁሉ የቆመ፣ የተጠማዘዘ፣ የተቆጣ ነገር እያየነው ዝም ብሎ ወረደ፤ ትከሻዋ ላይ ደርሶ ተዘረጋ፤ ያ የጠፋው ወርቃማ ቀለም ከየት መጣ ሳይባል አበራ! ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ደፋንበት፣ ቅርጹን እንዲይዝ። አያትየው «እሰይ! እሰይ!» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። ልጅቷ ዝም አለች። አሻንጉሊቷን ለረጅም ጊዜ አየቻትና «እምዬ፣ እሷ ናት?» አለች።

እሳት አጠገብ እንዳይደርቅ ተብሎ ከግድግዳው ሚስማር ላይ በእግሯ ተሰቅላ አደረች። እንደ ሌላ ነገር ሳይሆን እንደታጠበ ሱፍ ነው የያዟት።

ጠዋት ላይ ግን ሌላ ነገር ታየን። ቋጠሮው በነበረበት ማጅራቷ ላይ መላጣ አለ። ከጥንትም የተነቀለ ፀጉር ኖሮ፣ ቋጠሮው ሸፍኖት ነበር የቆየው። በፕላስቲኩ ላይ ቀዳዳዎቹ ተደርድረው ይታያሉ፤ ፋብሪካ ውስጥ ፀጉሩ የተተከለባቸው። እኔ በሹሩባ እንሸፍነዋለን ብዬ ሳስብ ልጅቷ ወጥታ ሮጠች። ስትመለስ እጇ ውስጥ አንድ ጭብጥ ጥቁር ሱፍ አለ።

«የኔ በግ ነው» አለች።

ከዚህ በላይ የሚያስደስት የጥገና ሐሳብ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም! አያትየው ሱፉን በጣታቸው አባዘቱት፤ ላላ አድርገው ፈተሉት፤ በትልቅ የጆንያ መርፌ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እያሳለፉ ሰፉት። ጭንቅላቷን ከአንገቷ ነቅለን ስለነበር ቋጠሮው ከውስጥ ታሠረ። ፊት ለፊት ከማናውቀው አገር ፋብሪካ የመጣ ወርቃማ ናይለን፣ ከኋላ የመንዝ በግ። ከዚያ ሹሩባ ተሠራች። ቀጫጭን፣ ወደኋላ የሚወርድ፤ ናይለኑ እያለቀ ሲሄድ ሱፉ ይቀበለዋል፤ ወርቃማ የጀመረው ጉንጉን ጥቁር ሆኖ ይጨርሳል። አዲስ አበባ ያለ ፀጉር ቤት ይህን አይቶ ቢሆን ፋሽን ብሎ ስም ባወጣለት ነበር።

ልጅቷ በልምዷ ቅቤ ልትቀባት እጇን ሰደደች፤ አያትየው ያዟት። «ቅቤ ከእንግዲህ የለም። ፊቷን ብትፈልጊ በሙቅ ታጥቢያታለሽ፣ ኋላዋን በቀዝቃዛ። ኋላዋን በሙቅ ነክተሽ ባና ብታደርጊያት እኔ የለሁበትም።» ትናንት የፈላ ውሃ ሲባል የደነገጡት ሴትዮ አንድ ራስ ላይ ሁለት ሕግ አወጡ። በልጅቷ ምትክ እኔ ሕጉን ደግሜ አልኩላቸው፤ እንዳልረሳ።

ወደ ገበያው ወጣ ብለን ለእናቴ ባና ስንፈልግ አረፈድን። ሻጩ እንግዳ መሆኔን ከአነጋገሬ አውቆ ዋጋውን ሰቀለ፤ ባልደረባዬ አወረደችው፤ እኔ መሐል ቆሜ የሱፉን ጫፍ በሁለት ጣቴ እያሸሁ፣ አዋቂ ለመምሰል። ሻጩ አየኝና «ፍም ይምጣልሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ወሬው ቀድሞን ገበያ ደርሷል!

ስንመለስ ደጁ ላይ ልጆች ተሰልፈዋል። አንዷ ፀጉሯ በላስቲክ የታሠረ የቻይና አሻንጉሊት ይዛለች። አንዷ ከአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለች የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ከነጭርሱ ፀጉር የሌላት፤ «ይተከልላት» ትላለች። ጭላዳ ብለው ስም ካወጡት ወንዶች ልጆች አንዱም አለበት፤ የታናሽ እህቱን አሻንጉሊት ከጀርባው ደብቆ፣ ለራሱ እንዳልሆነ ለሁሉም እያስረዳ። አያትየው በራፉ ላይ ወጥተው ሰልፉን አዩ፤ ሚዶውን ወገባቸው ላይ ሻጥ አደረጉና አወጁ፦

«የኔ ልጅ በነፃ ነበር። ከእንግዲህ የምትመጡ አንድ አንድ ጭብጥ ሱፍ ይዛችሁ ኑ። ነጭ የሚያመጣ ይቅደም፤ ነጭ አጥሮኛል።»

ሰልፉ ተበተነ፤ ልጆቹ በየበጋቸው አቅጣጫ ሮጡ።